አሥራ አንድ ግራም አረር፣ ስድስት ቶን ዝሆን፦ የካራሞጆ ቤል የጥይት ምርጫ

ጎልማሳ የአፍሪካ ወንድ ዝሆን እስከ ስድስት ቶን ይመዝናል። ስኮትላንዳዊው አዳኝ ዋልተር ቤል ከአንድ ሺህ በላይ ዝሆኖች ገድሏል። አብዛኞቹን የጣለው 11.2 ግራም በሚመዝን አረር ነው። የአረሩ ውፍረት ሰባት ሚሊሜትር ከምናምን ነው። በዚያው ዘመን የለንደን ጠመንጃ ሠሪዎች ለዝሆን አዳኝ የሚሸጡት ትልቁ ጠመንጃ 58 ግራም አረር ይተፋ ነበር።

ይህ ጉዳይ አዳኞችን መቶ ዓመት ሙሉ ሲያከራክር ኖሯል። ገሚሱ «ይኸው፣ ትልቅ ጠመንጃ አያስፈልግም» ይላል። ገሚሱ ደግሞ «ሰውየው ዕድል ቀንቶት ነው እንጂ ያ ጥይት የዝሆን ጥይት አይደለም» ይላል። ሁለቱም ጉዳዩን በተሳሳተ ጫፍ የያዙት ይመስለኛል። ቤል ትንሽ ጠመንጃ ወዶ አልመረጠም። የመረጠው ሳይታጠፍና ሳይዞር ቀጥ ብሎ ሩቅ የሚገባ አረር ነው። ያ አረር በትንሽ ጠመንጃ ውስጥ መገኘቱ ግን ብዙ ሰው አሳስቷል።

ቤል የተወለደው እ.ኤ.አ. በ1880 ነው (ከዚህ በታች ያሉትም ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ገና በአሥራዎቹ ዕድሜ ሳለ ወደ ምሥራቅ አፍሪካ ሄዶ፣ የኡጋንዳ ባቡር ሐዲድ በሚዘረጋበት ጊዜ ሠራተኞቹን ከአንበሳ የሚጠብቅ ተኳሽ ሆኖ ተቀጠረ። ከዚያ ወርቅ ፍለጋ ካናዳ ሄደ። በደቡብ አፍሪካው የቦር ጦርነትም ተዋጋ። በ1902 ወደ አፍሪካ ተመልሶ የዝሆን ጥርስ ነጋዴ አዳኝ ሆነ። ስም ያወጣለት በዛሬው ሰሜን ምሥራቅ ኡጋንዳ ያለው የካራሞጃ ምድር ነው፤ «ካራሞጆ ቤል» ተብሎ የቀረው ከዚያ ነው። የቤልጂጉ ንጉሥ ሊዮፖልድ በ1909 ከሞቱ በኋላ ደግሞ ላዶ በሚባለው የአባይ ዳር ግዛት አደነ። ወደ እኛም አገር ገብቷል። በጋምቤላ በሚያልፈው በጊሎ ወንዝ ረግረግ ውስጥ ዝሆን ሲከተል ከርሟል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ሳልናገር ማለፍ አልፈልግም። ከአንድ ሺህ በላይ ዝሆን ማለት ብዙ መንጋ ነው። ዛሬ ሲያነቡት ያማል። በኢትዮጵያ ዝሆን ማደን የተከለከለ ነው። በ2015 መንግሥት ስድስት ቶን የሚበልጥ የተወረሰ የዝሆን ጥርስ አዲስ አበባ ላይ አቃጥሏል፤ በኔ እምነት ትክክለኛ እርምጃ ነበር። የቤልን ጉዳይ የማነሣው ሥራውን ለማወደስ አይደለም። ዛሬም ጎሽና ሌላ አደገኛ አውሬ በሕግ በሚታደንባቸው አገሮች ሰዎች ጥይት ይመርጣሉ። ምርጫቸው ሲበላሽ መጀመሪያ የሚሠቃየው እንስሳው ነው። ቀጥሎ የሚጎዳው ብዙ ጊዜ ተኳሹ አይደለም፤ የደም ፋና እየተከተለ ቁጥቋጦ ውስጥ ፊት ፊት የሚገባው ዱካ አንባቢ ነው። ስለዚህ ጉዳዩን በደንብ ማወቅ ለሕይወት ይጠቅማል።

ገበያው ምን ያቀርብ ነበር?

የቤልን ምርጫ ለመረዳት ከእሱ በፊት የነበረውን ማየት ያስፈልጋል። ጭስ በሚያወጣው ጥቁር ባሩድ ዘመን አረር ማለት እርሳስ ነበር። እርሳስ ለስላሳ ነው። አጥንት ሲያገኘው ይጨፈለቃል፤ ሲጨፈለቅ ይሰፋል፤ ሲሰፋ ይቆማል። ባሩዱም ብዙ ፍጥነት አይሰጥም። ታዲያ አዳኝ አረሩ ጠልቆ እንዲገባለት ከፈለገ የነበረው መላ አንድ ብቻ ነው፦ ክብደት መጨመር። ለዚህ ነው በአሥራ ዘጠነኛው ክፍለ ዘመን ከመቶ ግራም በላይ የሚመዝን የእርሳስ ድቡልቡል የሚተኩሱ ጠመንጃዎች የነበሩት። ሰው በትከሻው መድፍ ተሸክሞ እንደመሄድ ነው።

አገራችን ውስጥም ያንኑ ነገር በወጅግራ ማየት ይቻላል። በአድዋ ዘመን በብዛት የነበረው ይህ የፈረንሳይ ጠመንጃ 11 ሚሊሜትር ነው። አረሩ 25 ግራም የሚመዝን ሽፋን የሌለው እርሳስ ነው፤ ከአፈሙዙ ሲወጣ በሰከንድ 450 ሜትር ያህል ይጓዛል። ለጦር ሜዳ በቂ ነው። የዝሆንን ራስ አጥንት ለመብሳት ግን አረሩ ራሱ አይችልም፤ መንገድ ላይ ይጠፈጠፋል። የጥንት ዝሆን ገዳዮቻችን በፉከራና በሽልማት የተከበሩት እንዲህ ባለ መሣሪያ፣ ከዚያም በፊት በጦር፣ ያን አውሬ ይገጥሙ ስለነበር ነው።

በአሥራ ዘጠነኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ጭስ አልባ ባሩድ መጣ። የአረር ፍጥነት ወደ እጥፍ ተጠጋ። እርሳሱ ያን ፍጥነት ስለማይችል በጠንካራ ብረት መሸፈን ግድ ሆነ። ነገሩ ሁሉ የተለወጠው እዚህ ላይ ነው። አረሩ የማይጨፈለቅ ከሆነ ክብደቱ ብቻውን ዋጋ የለውም፤ ክብደቱ በምን ያህል ስፋት ላይ እንዳረፈ ነው ወሳኙ። የለንደን ጠመንጃ ሠሪዎች ግን አዲሱን ባሩድ ይዘው የድሮውን ሐሳብ ቀጠሉ። ባለሁለት አፈሙዝ፣ ስድስትና ሰባት ኪሎ የሚመዝን፣ .577 እና .600 የሚባሉ ጠመንጃዎች አወጡ (ቁጥሩ በግምት የአፈሙዙ ስፋት በኢንች ነው)። እውነቱን ለመናገር ጥሩ ጠመንጃዎች ናቸው። የተሠሩበትም ምክንያት ነበራቸው፤ ወደዚያ እመለሳለሁ።

ቤል ያነሣው ጠመንጃ ከዚህ ሁሉ የራቀ ነው። በጀርመኑ ማውዘር መቀርቀሪያ ላይ የለንደኑ ሪግቢ የሠራው፣ ሦስት ኪሎ ከምናምን የሚመዝን፣ አምስት ጥይት የሚጎርስ ጠመንጃ። ጥይቱ 7 በ57 የሚባለው የወታደር ጥይት ነው፤ ሰባት ሚሊሜትር የአረሩ ውፍረት፣ 57 የቀለሁ ርዝመት ነው። የስፔን ጦር በ1898 ኩባ ላይ አሜሪካኖችን፣ ቦሮች ደግሞ ደቡብ አፍሪካ ላይ እንግሊዞችን የተዋጉበት ጥይት። ሪግቢ በ1907 «.275» ብሎ የእንግሊዝ ስም አወጣለት።

ዝሆኑ ራስ ውስጥ ምን አለ?

የዝሆን ራስ ግዙፍ ነው፤ አንጎሉ ግን ዝቅ ብሎ ወደ ኋላ፣ በሁለቱ የጆሮ ቀዳዳዎች መካከል ተቀምጧል። አምስት ኪሎ ገደማ ነው። ከፊት ለፊት ለተኮሰ ሰው አረሩ ግማሽ ሜትር ያህል አጥንት ማለፍ አለበት። አጥንቱም ድፍን አይደለም። እንደ ማር እንጀራ በአየር ቀዳዳ የተሞላ ነው። አንጎሉ ጋ ሲደርስ ግን ዙሪያውን ጠንካራ ግድግዳ አለ። ይህ ማለት አረሩ ከብዙ ቀጫጭን አጥንቶች ጋር በተለያየ ማዕዘን ይጋጫል። ትንሽ ከታጠፈ ወይም አፍንጫው በአንድ ጎን ከተጎዳ አቅጣጫውን ይስታል። ጭንቅላቱን መታ ማለት አንጎሉን መታ ማለት አይደለም። ብዙ አዳኞች ዝሆኑን «መትቼው ሄደ» ያሉት ለዚህ ነው።

ቤል ይህን በግምት አልተወውም። የዝሆን ራስ ቅል በመጋዝ ለሁለት አስከፍሎ አንጎሉ የት እንዳለ አጠና። ከጎን፣ ከፊት፣ ከኋላ በሰያፍም ሲታይ የት ላይ ማነጣጠር እንዳለበት ለየ። ከኋላ በኩል በሰያፍ አንገቱን አልፎ አንጎል የሚገባው ተኩስ እስከ ዛሬ በእሱ ስም ይጠራል።

አንጎልን የመረጠበት ሌላም ምክንያት ነበረው፤ ይህ የነጋዴ ምክንያት ነው። ልቡ ወይም ሳንባው የተመታ ዝሆን ወዲያው አይወድቅም። ይሮጣል፤ መንጋውንም ይዞት ይሮጣል። አንጎሉ የተመታ ግን ባለበት ዝም ብሎ ይንበረከካል። ሌሎቹ ምን እንደሆነ ሳይገባቸው ይቆማሉ። የትንሹ ጠመንጃ ድምፅም እንደ ትልቁ አያስደነግጣቸውም። ለቤል ሁለተኛው ዝሆን የሚገኘው የመጀመሪያው ሳይበረግግ ከወደቀ ነው። ስለዚህ «ይህ ጥይት ይገድላል ወይ?» ብሎ አልጠየቀም። የጠየቀው «ይህ አረር ከዚህ ቆዳ እስከዚያ አንጎል ድረስ መስመሩን ሳይስት ይደርሳል ወይ?» ብሎ ነው።

ስሌቱ

አሁን ትንሽ ሒሳብ። የአረሩን ክብደት ለወገቡ ስፋት ስናካፍል በእያንዳንዱ ካሬ ሴንቲሜትር ላይ ስንት ግራም እንደሚገፋ እናገኛለን። አረር ሳይጨፈለቅ ሲሄድ ጥልቀቱን በብዛት የሚወስነው ይህ ቁጥርና ፍጥነቱ ነው።

የቤል አረር 11.2 ግራም፣ ውፍረቱ 7.2 ሚሊሜትር፦ በካሬ ሴንቲሜትር 27.4 ግራም ይወጣል። በአዳኞች ዘንድ የተከበረው .470 ደግሞ 32.4 ግራም አረር ነው የሚተኩሰው፤ ውፍረቱ 12 ሚሊሜትር ከትንሽ። ሲሰላ 28.3 ግራም። ትልቁ .600 ደግሞ በ58.3 ግራሙ 30 ግራም ገደማ ይደርሳል።

ልብ በሉ። ከ11 ወደ 58 ግራም ሲኬድ ክብደቱ ከአምስት እጥፍ በላይ አድጓል። ጥልቀት የሚሰጠው ቁጥር ግን ከአሥር በመቶ ብዙም አልራቀም። ፍጥነታቸውንም እንይ፦ የቤል አረር በሰከንድ 700 ሜትር ገደማ፣ የ.600ው ደግሞ 590 ገደማ። ትንሹ ይፈጥናል። ስለዚህ ሁለቱም ሳይበላሹ ከሄዱ ትንሹ አረር በጥልቀት የሚያፍርበት ምክንያት የለም። ትልቁ ያለ ጥርጥር የሚበልጠው በጉልበትና በቀዳዳው ስፋት ነው። በጉልበት ወደ አራት እጥፍ ይጠጋል፦ 10,000 ጁል አካባቢ ከ2,750 ጁል ጋር (ጁል የጉልበት መለኪያ ነው)።

ቤል ያ ጉልበት ለምን እንደማያስፈልገው በኋላ ጽፏል። ስድስት ቶን የሚመዝን እንስሳ በአረር «ድንጋጤ» አይሞትም፤ ያን ለማድረግ መድፍ ያስፈልጋል ባይ ነው። ከመግደያው ቦታ ውጭ የተመታ ዝሆን፣ አረሩ ከባድም ይሁን ቀላል፣ ያው ሩቅ ይሄዳል፤ ያው ይቆጣል። በትክክለኛው ቦታ ያረፈ ቀላል አረር ግን ሥራውን ይጨርሳል። እስከዚህ ድረስ ከእሱ ጋር እስማማለሁ።

አረሩ ራሱ

ስሌቱ ግን «ሳይበላሽ ከሄደ» በሚለው ላይ ነው የቆመው። ብዙ ሰው የሚዘለው ይህንን ነው።

የቤል አረር ድፍን ነበር። ማለትም እርሳሱ ከአፍንጫው እስከ ጅራቱ ድረስ በጠንካራ ብረት የተሸፈነ፣ ጫፉ ላይ ምንም የተገለጠ እርሳስ የሌለው። ሌላው ዓይነት ጫፉ ላይ እርሳሱ የሚታየው፣ ሥጋ ሲነካ እንዲከፈት ተብሎ የተሠራው ነው። ያኛው ለድኩላ፣ ለአጋዘን፣ ለአንበሳም ቢሆን ይመረጣል፤ ሰፊ ቁስል ያደርጋልና። ለዝሆን ራስ ግን አይሆንም። ሲከፈት ውፍረቱ እጥፍ ይሆናል፤ ያ ያሰላነው 27 ግራም በአንድ ጊዜ ወደ ሰባት ይወርዳል። አጥንቱ መሐል ይቆማል።

ቅርጹም ቁም ነገር አለው። አረሩ ረጅምና አፍንጫው ድቡልቡል ነበር። ጀርመን ከ1905 ጀምሮ፣ ሌሎችም ተከትለዋት፣ የወታደር አረራቸውን ሹል አደረጉት፤ በአየር ላይ ስለሚፈጥን። ሹል አረር ግን ክብደቱ ወደ ኋላ ያደላል። አየር ውስጥ በመሽከርከሩ ቀጥ ይላል እንጂ፣ ሥጋ ውስጥ ሲገባ ጅራቱ ፊቱን ሊቀድም ይሞክራል። ይገለበጣል፤ ወደ ጎን ይሄዳል። በተመሳሳይ ጠመንጃ፣ በተመሳሳይ ካሊበር (የአፈሙዝ ስፋት)፣ ሹሉን አረር የጎረሰ ሰው የቤልን ውጤት አያገኝም። «ቤል በሰባት ሚሊሜትር ገደለ» የሚለው አባባል ይህን ከደበቀ አደገኛ ነው።

ማስረጃው ከራሱ ከቤል ገጠመኝ አለ። ከሰባቱ ትንሽ በሚቀጥነው በ6.5 ሚሊሜትሩም አደን ሞክሯል። የዚያኛው አረር በካሬ ሴንቲሜትር የሚገፋው ክብደት ከሰባቱ እንዲያውም ይበልጣል፤ 29 ግራም ያልፋል። በወረቀት ላይ የተሻለ ነው። በተግባር ግን ከባድ አጥንት ሲያገኘው ይታጠፍ ነበር። ከውፍረቱ ይልቅ በጣም ረዘመና! ቤል የሰባቱ አረር ርዝመትና ውፍረት የተመጣጠነ መሆኑን፣ ፍጥነቱም መካከለኛ መሆኑን ያደነቀው ከዚህ በኋላ ነው። ለኔ የጠቅላላው ጉዳይ እምብርት ይህ ነው። ቁጥሩ የበለጠው አረር ተሸነፈ። አጥንቱን የቻለው አሸነፈ።

ፍጥነቱ መካከለኛ መሆኑ እንደ ጥቅም መቆጠሩም ሊገርም ይችላል። ዛሬ የጥይት ማስታወቂያ ሁሉ ፍጥነት ፍጥነት ይላል። ግን አረር አጥንት ላይ የሚደርስበት ጫና ከፍጥነቱ ጋር በጣም ያድጋል። በሰከንድ 700 ሜትር ላይ የሚጸና ሽፋን 900 ላይ ሊቀደድ ይችላል።

መክሸፍ

ሌላው ምክንያት ብዙ አይወራለትም፤ አደገኛ አውሬ ፊት ለቆመ ሰው ግን ከሁሉ ይቀድማል። ጥይቱ አይከሽፍም ነበር።

ቤል በብዙ ዓይነት ጠመንጃ ተኩሷል። በሌሎቹ ሁሉ ችግር ገጥሞታል። ቃታ ተስቦ ጥይቱ መክሸፉ፣ ዘግይቶ መተኮሱ፣ ቀለሁ ተሰንጥቆ ጋዝ ወደ ተኳሹ ፊት መመለሱ፣ ቀለህ ውስጥ ተቀርቅሮ አልወጣም ማለቱ። በጀርመኑ ዲ.ደብሊው.ኤም ፋብሪካ በተሠራው የሰባት ሚሊሜትር ጥይት ግን አንዱም እንዳልደረሰበት መስክሯል። በዚያ ሙቀት፣ በዚያ እርጥበት፣ ወራት ሙሉ በሸክም ከተጓዘ በኋላ ማለት ነው።

ይህን አሳንሶ ማየት አይገባም። አረሩ የቱንም ያህል ጥሩ ቢሆን፣ ዝሆኑ በሃያ እርምጃ ላይ ሆኖ መዶሻው ጠቅ ብሎ ዝም ካለ ምንም ጥቅም የለውም። የአደን ጥይት ሲመረጥ «ከየትኛው ፋብሪካ፣ ከየትኛው ዙር፣ ምን ያህሉን ሞክረሃል?» የሚለው ጥያቄ ከካሊበሩ ጥያቄ እኩል መቆም አለበት። ይህን የማይጠይቅ ሰው አደገኛ አውሬ ፊት ባይቆም ይሻለዋል።

ጎሾቹ

ቤል ይህንኑ ጥይት በጎሽም ላይ ተጠቅሟል። እሱ እንደተረከው፣ ረጅም ሣር ውስጥ በአሥር ሜትር ያህል ርቀት ሦስት ወንድ ጎሾች ገጠሙት። አብረውት ያሉት ሰዎች ርቧቸው ነበር። የመጀመሪያው ፊቱን አዙሮ ቆሞ ነበርና ደረቱን መታው። ሲወድቅ ከኋላው ሁለተኛው ታየ፤ እሱንም እንዲሁ። ሦስተኛው በፊቱ ሲያቋርጥ አንገቱና ትከሻው መገናኛ ላይ አገኘው። ሁሉም ነገር በአራት አምስት ሰከንድ አለቀ።

ይህ ታሪክ እውነት መሆኑን አልጠራጠርም። ግን እንደ ማስረጃ ስወስደው ቆም እላለሁ። ሁለቱ ጎሾች ፊት ለፊት ቆመው ነበር፤ ድፍን አረር ከደረት ገብቶ በርዝመቱ ሲሄድ ልብና ትልልቅ የደም ሥሮች መንገዱ ላይ ናቸው። ጠመንጃው በእጁ ነበር፤ አሽከር ተሸክሞለት አልነበረም። መቀርቀሪያውን ሳያይ የሚያንቀሳቅስ ሰው ነበር። ጎሾቹም አልቆሰሉም፤ አልተቆጡም። ጎሽ ቆስሎ ቁጥቋጦ ውስጥ ከተደበቀ በኋላ የሚሆነው ሌላ ነው። ቀጭን ቀዳዳ ሳንባውን ቢበሳውም ሕይወቱ ቶሎ አይወጣም። ደም ጥቂት ጥቂት ስለሚያፈስ ፋናውን መከተልም ያስቸግራል። ዛሬ ልምድ ያላቸው የጎሽ አዳኞች ብዙዎቹ መጀመሪያ ጠንካራ የሚከፈት አረር፣ ቀጥሎ ድፍን የሚጎርሱት ለዚህ ነው። የመጀመሪያው ሰፊ ቁስል ይሰጣል። ሁለተኛው፣ ጎሹ ዞሮ ሲሸሽ ወይም ሲመጣ፣ በየትኛውም ማዕዘን ውስጡ ይደርሳል።

ሊቀዳ የማይችለው

ትልልቆቹ ጠመንጃዎች የተሠሩበት ምክንያት ነበራቸው ብያለሁ። ምክንያቱ ጥቅጥቅ ያለ ጫካ ነው። ዝሆን በአምስት ሜትር ላይ ከቅጠል ውስጥ ሲወጣ አንጎሉን በጣት ውፍረት ልክ ፈልጎ ለማነጣጠር ጊዜ የለም። ከባድ አረር አንጎሉን ስቶ አጠገቡ ቢያልፍ እንኳ ብዙ ጊዜ ዝሆኑን አዙሮ ይጥለዋል ወይም ያቆመዋል። ተኳሹ ለሁለተኛው ጥይት ፋታ ያገኛል። ቀጭኑ አረር ከሳተ ግን ስቷል። ያ 10,000 ጁል ለመግደል ሳይሆን ለማስቆም ነው የሚጠቅመው።

ቤል በብዛት ያደነው ደረቅና ገላጣ በሆነው በካራሞጃ ምድር ነው። ርቆ ያያል፤ ዞሮ ይጠጋል፤ ጎኑን እስኪሰጠው ይጠብቃል። ዝሆኖቹም በዚያ ጊዜ ጠመንጃ ብዙም አያውቁም ነበር። ካልተመቸው አይተኩስም፤ ነገ ሌላ ቀን ነው። ከዚህ በላይ ደግሞ ልምምዱ አለ። ባዶ ጠመንጃ ይዞ ቀኑን ሙሉ እያነጣጠረ ቃታ ይስብ ነበር። የዛሬ አዳኝ ግን የሄደበት አገር ሁለት ሳምንት ከቆየ ብዙ ነው። ከፍሏል፤ መተኮስ ይፈልጋል፤ ልቡ ይመታል። እንዲህ ያለ ሰው የቤልን ጠመንጃ ቢሰጠውም ከቤል የወሰደው ምንም ነገር የለም። ቤል ራሱም ጀማሪ ከባድ፣ መካከለኛና ቀላል ጠመንጃ ሞክሮ የራሱን እንዲያገኝ ነው የመከረው።

ሕጎቹም ይህን ተረድተውታል። ለምሳሌ ዚምባብዌ ለዝሆንና ለጎሽ ከ9.2 ሚሊሜትር ያላነሰ ካሊበርና ከ5,300 ጁል ያላነሰ ጉልበት ትጠይቃለች። የቤል ጥይት የዚህን ግማሽ ያህል ነው የሚያወጣው። አንዳንድ ሰው ይህን ሕግ «ቤልን የማያውቅ ቢሮክራት የጻፈው» ይለዋል። እኔ አልስማማም። ሕግ የሚጻፈው በሕይወት ዘመኑ አንዴ ጎሽ ፊት ለሚቆም ሰውና ከፊቱ ለሚሄደው ዱካ አንባቢ ነው።

የአረር ሥራም ከቤል ዘመን ወዲህ ርቆ ሄዷል። እርሳስ ጭራሽ የሌለባቸው፣ ከአንድ ወጥ ነሐስ ወይም መዳብ የተቀረጹ ድፍን አረሮች አሉ። አይታጠፉም፤ ሽፋን ስለሌላቸው አይቀደዱም። አፍንጫቸውም ድቡልቡል ሳይሆን ጫፉ የተቆረጠ፣ ጠፍጣፋ ሆኗል። ነገሩ የተገላቢጦሽ ይመስላል፤ ግን ጠፍጣፋው አፍንጫ ሥጋውን ወደ ጎን ስለሚረጭ አረሩ ከጎኑ ሳይነካ ቀጥ ብሎ ይሄዳል። ከድቡልቡሉም የሰፋ ቁስል ይተዋል።

ዛሬ በብዙ የአፍሪካ አገር ለአደገኛ አውሬ መነሻ ተደርጎ የሚወሰደው .375 የሚባለው፣ በ1912 የወጣው ጥይት ነው። የተለመደው አረሩ 19.4 ግራም ነው፤ ውፍረቱ 9.5 ሚሊሜትር። በሰከንድ 770 ሜትር ያህል ስለሚሄድ ጉልበቱ ከ5,700 ጁል ይበልጣል፤ የዚምባብዌን ሕግ ያልፋል። ክብደቱን ለስፋቱ ስናካፍል 27.3 ግራም ይወጣል። የቤል 27.4 ነበር።